እስቲ ቁጭ በይ

እናቴ ሁለት ስም አውጥታልኛለች። አንዱ መታወቂያዬ ላይ ያለው ነው፤ በእሱ ማንም አይጠራኝም። ሁለተኛው «ለምን» ነው። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ ይህን ቃል ሳልል የዋልኩበት ቀን የለም ትላለች። ጎረቤታችን ለምን በጓሮ በር ይገባል? አጎቴ ሚስቱ ስትመጣ ለምን ድምፁን ይቀንሳል? በዚህ ጠባዬ ስቆነጠጥ አደግኩ፤ ዛሬ በዚሁ ጠባዬ ደመወዝ እበላለሁ። የዳኞች ሥነ ምግባር መርማሪ ነኝ።

ሥራው እንደ ስሙ አያስፈራም። አብዛኛውን ጊዜ የማነበው አቤቱታ ዳኛው አርፍዶ ይገባል፣ ዳኛዋ እኔ ስናገር ሰዓቷን ታያለች፣ ዳኛው ከባላጋራዬ ጠበቃ ጋር ሰርግ ላይ ሲጨፍር ታይቷል የሚል ነው። ዳኞች ከየአገሩ ተሰባስበው ያወጡት መመሪያ በትንሽ መጽሐፍ ታትሞ ለየጠረጴዛችን ታድሏል፤ ባልደረቦቼ የሻይ ብርጭቆ ያስቀምጡበታል። እኔ ነገር ስለምወድ አንብቤዋለሁ። ዳኛ ከማንም ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ንጹሕ ይሁን ይላል። ንጹሕ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለሚያየው ሰውም ንጹሕ ሆኖ ይታይ ይላል። ዳኛን በዲሲፕሊን ሰበብ ከያዘው ጉዳይ ላይ ማንሳት ነውር ነው የሚልም አለበት። ይህችን የመጨረሻዋን ያሰመርኩባት እስክሪብቶ ስሞክር ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ አስጠራኝ። አለቃዬ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ አላውቅም። የእንግዳው ወንበር ላይ ሁልጊዜ ፋይል ይቆለላል፤ የበታች ሠራተኛ በር አጠገብ ቆሞ ይሰማል፣ ቆሞ ይመልሳል፣ ይወጣል።

«ስለ በረዶዋ ሰምተሻል?» አለኝ ቀና ሳይል።

«በረዶ» ጠበቆች ያወጡላት ስም ነው፤ የሦስተኛው ችሎት ዳኛ ናት። ጠበቃ አትጨብጥም፤ ከሩቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ሰርግ ብትጠራ አትሄድም። ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ በሩን ከፍታ ብቻዋን ትበላለች። ስልክ የሰረቀ ጎረምሳ ፊቷ ቢቀርብ እንኳ «እርስዎ» ነው የምትለው።

«ምን አደረገች?»

«ፍርዷ ሳይነበብ በር ላይ ይታወቃል። ማን እንደሚያሸንፍ፣ ማን እንደሚታሰር ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤት ውስጥ ይወራል። አቤቱታ ቀርቧል። ወይ ራሷ ትሸጠዋለች፣ ወይ ጸሐፊዋ ትሸጠዋለች። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሪፖርትሽን አምጪ፤ ታግዳ ይጣራል።»

«ለምን እስከ ረቡዕ?»

«አንቺ ደግሞ! ለምንሽን ተይና ሥራሽን ሥሪ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩን ሳልጨርስ ግን መልሱን ራሴ አገኘሁት። ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛው ችሎት በቆዳ ፋብሪካው ጉዳይ ፍርድ ይሰጣል። ከፋብሪካው በታች ያሉ ነዋሪዎች ወንዛችን ተመረዘ፣ ልጆቻችን ቆሰሉ ብለው ከከሰሱ ዓመታት አልፈዋል፤ በፋብሪካው ድርሻ አላቸው የሚባሉት ሰዎች ደግሞ ስማቸው ጮክ ተብሎ አይጠራም። ዳኛዋ ረቡዕ ከታገደች ፋይሉ ሐሙስ ሌላ ዳኛ ጋ ይሄዳል፤ የእነዚያ ሰዎች ልፋት እንደገና ከሀ ይጀመራል። በሌላ በኩል ሴትዮዋ እውነት ፍርድ የምትሸጥ ከሆነስ? ያኔ ደግሞ እሷን ዝም ማለት ነው ነውሩ። የነገሩን ሥር ሳላገኝ የምጽፈው ሁሉ አንዱን ወገን ይበድላል፤ ለመፈለግ የተሰጠኝ ጊዜ ደግሞ እስከ ረቡዕ ብቻ ነው።

ሻይ ቤቱ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ሰው የሚሞላው በሻዩ ጥራት እንዳይመስላችሁ፤ ሻዩ ጨርቅ የታጠበበት ውሃ ነው። የሚሞላው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። ሰውዬው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ሻይ ቤቱ ያወጣለት ስም «ነቢዩ» ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጥግ ይዤ ተቀምጬ አየሁት። ሰዓቱ ሲቃረብ ብድግ አለ፤ መንገዱን ተሻገረ፤ ሦስተኛው ችሎት በር ላይ ደርሶ አንገቱን ወደ ውስጥ ብቅ አደረገና ተመለሰ። ከማንም ጋር አልተነጋገረም።

«የዛሬው ልጅ አለቀለት፤ ይፈረድበታል» አለ፣ ሲቀመጥ ሱሪውን ከጉልበቱ ሳብ አድርጎ።

«ወግድ! ምስክራቸው እኮ ተደናብሯል» አለው አንድ የታክሲ ሾፌር።

«ሻይ ታሲዛለህ?»

«አሲዛለሁ!»

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ሮጥኩ።

ሦስተኛው ችሎት ጠባብ ክፍል ነው። የዳኛዋ ጠረጴዛ ከፍ ብሎ ፊት ለፊት ይታያል። ከሥሩ በግራና በቀኝ ሁለት የእንጨት መከታዎች አሉ፤ በግራው ከሳሽና ወገኖቹ፣ በቀኙ ተከሳሽና ወገኖቹ ይቆማሉ። ሕዝቡ ከኋላ አግዳሚ ላይ ነው። ፍርድ ሲነበብ ሁሉም ይነሳል፤ የቆየ ደንብ ነው። ዳኛዋ ገብታ አነበበች። ድምጿ አይወጣ አይወርድ፣ ዝም ብሎ እንደ ቧንቧ ውሃ ይፈሳል። ልጁ ጎረቤቱን ደብድቦ ነበርና ተፈረደበት። እናትየው «ወይኔ ልጄን!» ብለው ከኋላቸው የነበረ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ችሎት አስከባሪው ውሃ ይዞ መጣ። የሰው እናት ስታለቅስ ማየት አልችልም።

ከእረፍት በኋላም ያው ሆነ። ባለጉዳዮቹ በአባታቸው ቤት የተካሰሱ ወንድማማቾች ነበሩ። ነቢዩ በእረፍት ሰዓት አንገቱን ብቅ አድርጎ «ከሳሹ፣ ታላቅየው፣ ባዶ እጁን ይሄዳል» አለ። ታላቅየው ባዶ እጁን ሄደ። ሲወጣ ደሙ ከመፍላቱ የተነሳ ከኋላው ያለውን ወንበር በእግሩ መትቶ ገለበጠው።

ነቢዩን ሻይ ጋበዝኩት። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት፤ አልደነገጠም።

«ማን ነው የሚነግርህ?»

«ማንም! የነገረኝ ሰው ካለ ምላሴ ይቆረጥ።»

«ታዲያ ከየት ታመጣዋለህ?»

«አየዋለሁ።»

«ምኑን?»

«እህቴ፣ ነቢይ ምሥጢሩን ካወጣ ማን ሻይ ይጋብዘዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ላንቀው ምንም አልቀረኝም።

ከሰዓት ጸሐፊዋ ጋ ሄድኩ። ገና ስታየኝ እንባዋ ቀደማት። ወሬው ከእኔ በፊት ደርሶ ኖሮ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የሥራ ጓደኞቿ አብረዋት ምሳ መብላት ትተዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

«እመቤቴ፣ እኔ እኮ ፍርድ ጽፌ አላውቅም» አለችኝ። «ቀጠሮ ነው የምጽፈው፤ ትእዛዝ ነው የምጽፈው። ፍርዱን ራሷ ናት የምትጽፈው። ኮምፒውተሯ ከምንም ጋር አልተያያዘም። የምታትመው በዕለቱ ጠዋት ነው፤ ከእጇ ወርዶ አያውቅም። እኔ ራሴ ከሕዝቡ ጋር ነው የምሰማው።»

አጣራሁ፤ እውነቷን ነበር። የቀረችኝ ዳኛዋ ነበረች። ቢሮዋ በሩ ክፍት ነው። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያቺው ትንሽ መጽሐፍ አለች፣ የብርጭቆ ምልክት ሳይኖርባት።

«ክብርት ዳኛ፣ ፍርዱን ከመነበቡ በፊት ማን ያውቀዋል?»

«እኔ ብቻ።»

«ባለቤትዎ?»

«ባለቤቴ የሚያውቀው የመጣሁበትን ሰዓት ነው።»

«እንግዲያው ከእርስዎ በቀር የሚጠረጠር የለም።»

«ልክ ነዎት» አለችኝ። «በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም እኔን ነበር የምጠረጥረው። ግን ለመሆኑ የት ነው የሚወራው?»

ስለ ሻይ ቤቱ ነገርኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። መስኮቷ እኮ በቀጥታ የሚያሳየው የሻይ ቤቱን ጣሪያ ነው! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ውሸታም ሰው ብዙ አይቻለሁ፣ ሲዋሽ ይቸኩላል። ይህችኛዋ አልቸኮለችም። አሰበች፣ አሰበች፣ ከዚያ «አላውቅም» አለች። አመንኳት። ማመኔ ግን ለሪፖርት አይሆንም፤ የነገሩ ውል እንደጠፋብኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤት ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። እናቴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ታናሽ እህቷ፣ አክስቴ፣ በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ ልትከርም ነበርና እናቴ አልጋ አንጥፋ፣ መጋረጃ አጥባ ጨርሳለች። አክስቴ ደግሞ መንገድ ላይ ሳለሁ ደውላ ጉልበቷን ስላመማት እንደማትመጣ ነገረችኝ፤ ለእናቴ የመንገሩን ሥራም ለእኔ ጣለችው። እንዴት እንደምጀምረው ጨነቀኝ። እናቴ ቆማ ሰሃን ታጥባለች።

«እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አልኳት።

ሰሃኑ ከእጇ አመለጠ። «ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም!»

«ወንድምሽ ነው? ንገሪኝ! ንገሪኝ እንጂ!»

«እማዬ፣ አክስቴ አትመጣም፣ ጉልበቷን አሟታል፣ በቃ ይኸው ነው።»

እናቴ ደረቷን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቁጣዋ መጣ። «አንቺ የማትረቢ! ለዚህ ነው ልቤን ያቆምሽው? ቁጭ በይ ስትይኝ እኮ ገና ሳትነግሪኝ ነው ጉልበቴ የከዳኝ። ከእንግዲህ እንደቆምኩ ንገሪኝ! ደስ የሚል ነገር ይዞ የመጣ ሰው ማንን ቁጭ በል ሲል አይተሻል?»

የተሰበረውን ሰሃን ልለቅም ጎንበስ እንዳልኩ እዚያው ቀረሁ። የልጁ እናት ዘፍ ያሉበት ወንበር። ታላቅየው የገለበጠው ወንበር። አንድ ወንበር ነው፤ ቡናማ፣ ባለ መደገፊያ፣ ጨርቁ ጥጉ ላይ የተቀደደ። ጠዋት በቀኙ መከታ በኩል ነበር። ከእረፍት በኋላ በግራው በኩል ነበር።

«ምነው፣ ቆረጠሽ እንዴ?» አለች እናቴ።

ተነስቼ ሳምኳት። «አብደሻል» አለችኝ፤ አልተከራከርኳትም።

ረቡዕ ጠዋት ፍርድ ቤት የደረስኩት ጽዳቶቹ ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ነው። የዕለቱ ፍርድ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ከተከራየችው ሱቅ እንድትወጣለት ከሷታል። የችሎቱ በር ገርበብ ብሏል። ነቢዩ እንደሚያደርገው አንገቴን ብቅ አደረግኩ።

ዳኛዋ ብቻዋን ናት። ካባዋን ገና አልለበሰችም። ወንበሩን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እግሩ መሬት ነክቶ እንዳይጮህ ከፍ አድርጋ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተሸከመች ነው። አስቀመጠችው። ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው፤ ትንሽ ወደ መከታው አስጠጋችው።

«ልብስ ሰፊዋ ትሸነፋለች» አልኩ።

ዞረች። መጀመሪያ የተቆጣች መስሎኝ ነበር። ከዚያ እኔን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ እንደገና እኔን አየች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ። መደገፊያውን ይዛ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይሄ ነው።»

የተቀደደውን የጨርቁን ጥግ በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ሳልጠይቃት፣ እኔ እንኳ ሳልጠይቃት፣ ተናገረች። ሥራ በጀመረችበት ዓመት አንዲት እናት ልጇ ላይ ሲፈረድ ሰምታ ቆማ ሳለች ወደቀች። ራሷን የመከታው ጠርዝ መታት። ከዚያ ወዲያ አፏ ተያዘ፤ ቃል ሳትናገር ኖረች። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ይግባኝም አጽንቶታል።

«ከዚያ በኋላ ነው ወንበር ማስቀመጥ የጀመርኩት» አለች። «ይወድቃል ብዬ ከምፈራው ሰው ጀርባ። ችሎት አስከባሪውን አላዘውም። ካዘዝኩት የማነበውን ያውቃል ብዬ ሠጋሁ። እንዳይታወቅ ብዬ እኮ ነው ራሴ የምሸከመው።»

በረዶ የሚሏት ሴት! ጠበቃ የማትጨብጥ፣ ሰርግ የማትሄድ፣ ወሬ እንዳይወጣባት ምሳዋን በክፍት በር የምትበላ ሴት፣ በየጠዋቱ ፍርዷን በገዛ እጇ ተሸክማ አደባባይ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ላቅፋት ፈለግኩ፤ ነገር ግን የማትጨባበጥን ሰው እንዴት ያቅፏል?

«ይጻፉት» አለችኝ። «እንዳለ ይጻፉት። አንዳንዱ ሰው ወንበሩን አይቶ ጠዋት ከባላጋራው ጋር ተስማምቶ ይሆናል። አንዳንዱ ንብረቱን አሽሽቶ ይሆናል። እኔ አላየሁም። ማየት የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።»

«ነገስ?»

«ነገን ለእኔ ይተዉልኝ።»

ወንበሩን የዚያን ቀን አላነሳችውም። ልብስ ሰፊዋ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ነቢዩም ሻዩን ጠጣ።

አመሻሽ ላይ በር አጠገብ ቆሜ አለቃዬ ሪፖርቴን ሲያነብ አየሁት። «ወንበር?» አለ።

«ወንበር።»

ሳቀ። ሳቁ ግን አጭር ነበር። «ያም ሆነ ይህ ፍርዱ ሳይነበብ ሾልኮ ወጥቷል። ትታገድ።»

«የሸጠችው ነገር የለም፤ የተቀበለችውም የለም። ጥፋቷ የሚታረም ጥፋት ነው፤ ዛሬ ተነግሯታል» አልኩና ያቺን ትንሽ መጽሐፍ ያሰመርኩበት ገጽ ላይ ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «በፍርዱ ዋዜማ ማገድ ደግሞ ከጉዳዩ ላይ ማንሳት ነው። እሱንም ጽፌዋለሁ። ግልባጩ ለጉባኤው ሄዷል።»

ጉባኤው ከእሱ በላይ ያለው አካል ነው። አለቃዬ ገጹን ረጅም ጊዜ አየው። አሁን ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ በራ።

«ወንበሩ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ወገን ጋ ነው አልሽ?»

«አዎ።»

«ስቶ አያውቅም?»

«ነቢዩ የሻይ ከፍሎ አያውቅም።»

«ጎበዝ! ጎበዝ ልጅ!»

አመስግኖኝ አያውቅም ነበርና ደስ አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት። ያ ማፏጨቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሐሙስ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ግቢ ጢም ብሏል። ከወንዙ ዳር የመጡት እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል። ከሳሾቹን የሚመሩት ሽማግሌ ነጭ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው በዘንግ ተደግፈዋል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከጠበቆቹ መሃል ሆኖ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። የችሎቱ በር ገና ተዘግቷል፤ ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር ይሰማል። እኔ ደግሞ ልክ እንደ ልጅነቴ ዓይኔን ይበላኛል። ወንበሩ የት ነው? አስቀምጣዋለች? ትታዋለች? ከተወችውስ፣ ሽማግሌው ቢወድቁ?

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው።

«ደረስሽ?»

«በር ላይ ነኝ።»

«እስቲ ቶሎ ግቢና እይልኝ። ወንበሩ በየት በኩል ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «ለምን?» አልኩት።

«ሰዎቹ ወረቀት አዘጋጅተው እየጠበቁኝ ነው! የሚሸነፉ ከሆነ ሳይነበብ በፊት ንብረቱን በሌላ ስም... አንቺ ምን አገባሽ? እይና ንገሪኝ አልኩ!»

ክው አልኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ሰኞ የቸኮለው፣ ረቡዕ ፊቱ የበራው፣ «ጎበዝ ልጅ» ያለኝ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሊያስነሳት ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። ማስነሳት ካልተቻለ ቀድሞ ማወቅ ይበቃዋል፤ ማወቂያውን ደግሞ በእጄ ጽፌ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ፤ ሰው ገፋኝና ገባሁ።

ችሎቱ ወንበር ብቻ ሆኗል። ችሎት አስከባሪው ላቡን እየጠረገ የመጨረሻውን ያስቀምጣል። ከሌሎቹ ችሎቶች የመጡ አሉ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ የመጡ አሉ፣ እግራቸው የተጠገነ የሻይ ቤቱ ወንበሮች ሳይቀሩ አሉ። በግራ መከታ ሙሉ፣ በቀኝ መከታ ሙሉ። ያ ቡናማ ባለ መደገፊያ ወንበር መሃል ላይ ለማንም ሳይሆን ቆሟል፤ የዳኛዋ መዝገቦች ተቀምጠውበታል። ነቢዩ በሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ግራና ቀኝ ቢያይ፣ ቢያይ ምንም አላገኘም። «ዛሬስ አበላሹት» ሲል ሰማሁት።

«ሃሎ! ሃሎ! በየት በኩል ነው?» ይላል ስልኩ።

«በሁሉም በኩል ነው» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«ሁሉም ቁጭ ብሏል።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ዳኛዋ ገባች። ሰው ሊነሳ ሲል በእጇ ከለከለችው። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ችሎት ፍርድ የሚሰማው ተቀምጦ ነው» አለች። «ሁላችሁም ተቀመጡ።» ከዚያ ያንን አይወጣ አይወርድ ድምጿን ጀመረች። ፋብሪካው ፍሳሹን እስኪያጣራ ሥራ እንዲያቆም፣ ወንዙን እንዲያጸዳ፣ ለታመሙት ልጆች ማሳከሚያ እንዲከፍል፣ ይህ እስኪፈጸም ንብረቱ ወደ ማንም እንዳይዛወር። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው ግን ተቀምጠው አልቀሩም፤ ብድግ ብለው በዘንጋቸው ቆሙ፤ ተቀመጡ ያላቸውም የለም።

ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በሩን ዘጋሁና በሪፖርቴ ላይ አንድ ገጽ ጨመርኩ። ሐሙስ ጠዋት፣ ፍርዱ ሳይነበብ፣ ማን እንደደወለልኝ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ፣ እኔም ምን ብዬ እንደመለስኩ ቃል በቃል ጻፍኩ። ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። ዳኛ ተገኝታ ነበር። ገጹን በእጄ ወስጄ ለጉባኤው ጸሐፊ ሰጠሁ።

በሳምንቱ አለቃዬ አስጠራኝ። ስገባ ከጠረጴዛው ተነስቶ በሩ ድረስ መጣ። ከእንግዳው ወንበር ላይ ፋይሎቹ ሁሉ ተነስተዋል፤ አቧራው እንኳ ተጠርጓል። ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ ወንበሩን በእጁ ወደ እኔ እየሳበ፣ «ነይ የኔ እህት፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ።

እንደ እናቴ «ማን ሞተ?» ልለው ነበር፤ አልዋሽም። እናቴ፣ የቤት ኪራዩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ በዓይኔ ላይ ሄደ። ያቺ ገጽ ግን ከእጄ ወጥታለች፤ እሷን መልሶ የሚከታት የለም።

«ግድ የለም» አልኩት፣ የወንበሩን መደገፊያ ይዤ። «ቆሜ እሰማለሁ።»